የነሐሴ ውሃ ልክ

አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ በሺር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። ሳልጽፍ ወር ስላለፈኝ አፉ ይበሉኝ።

ሰው ሲጠይቅዎት «ልጄ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ማራገቢያ ትሠራለች» ብለው ይመልሱ። ግድብ አያስፈልገውም። ወንዙ በመንገዱ ሲያልፍ ክንፎቹን ያዞራል፣ ከዚያ መብራት ይመጣል። ተርባይን ይባላል። እኔ ግን ብረቱን ነክቼው አላውቅም። እኔ የምሠራው ወንዙን ነው፣ ኮምፒውተር ውስጥ። ውሃው በፍጥነት ሲሄድ ክንፉ ምን ይሆናል፣ ሲናወጥስ፣ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሲዞርስ እያልኩ እሞክራለሁ። ሲሙሌሽን ይሉታል።

ባለፈው ወር መምህሬ ዶክተር ኪዳኑ ሥራዬን አይቶ «ፈትሂያ፣ ይሄ ውሃ አይደለም፣ ዘይት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኔ ውሃ ከላይ እስከ ታች እኩል ነበር የሚሄደው። እውነተኛ ወንዝ ከላይ ይፈጥናል፣ ከታች ይጎተታል፣ መሃል ላይ ይናወጣል። ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ነው፤ ልኩ ትንሽ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። ሀፊዝን የቦርከናን ወንዝ በሦስት ጥልቀት ለካልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ወንድሜን እንደማስቸግረው አውቃለሁ። እንዴት አድርጋችሁ እንደምትለኩ ይጻፉልኝ፣ እሱ በስልክ «ቀላል ነው» ከማለት ሌላ አይነግረኝም። በገመድ ታስሮ ካልሆነ እንዳይገባ አደራ።

ልጅዎ ፈትሂያ

*

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈትሂያ። ወዓለይኩም አሰላም። እኔም ሀፊዝም አክስትሽ ሰዒዳም አላህ ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ይዟል፤ ከኩታበር በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ ጭቃ ጎትቶ ነው የሚገባው።

ማራገቢያ ነው የምትሠራው ብዬ ለመሕሙድ ነገርኩት። «ውሃ ውስጥ ማን ሞቆት ነው?» አለኝ። ከንፈሩን አይቼ ነው የሰማሁት። ጆሮዬ አሁን ጭራሹን ሄዷል። ሠላሳ ሁለት ዓመት በሽመና ማሽን መሃል ስቆም የሄደ ጆሮ በእርጅና አይመለስም። ስልክ ስትደውዪ ሰዒዳ ታናግርሻለች፣ ግን ግማሹን ውጣ ግማሹን ነው የምትነግረኝ፤ ደብዳቤሽን አታቋርጪብኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ኖሯል።

አለካካችን ይኸውልሽ። ሀፊዝና መሕሙድ ብየዳ ቤታቸውን እሁድ ይዘጋሉ። ሀፊዝ ያቺን የሠራትን ብረት ይይዛል፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ክንፍ፣ አናቷ ላይ የብስክሌት መቁጠሪያ አላት። ከከተማው በታች ወንዙ ወደሚታጠፍበት እንወርዳለን። እሱ ወገቡን በገመድ ታስሮ እስከ ደረቱ ይገባል። በዚያ ዳር የሚታመን ዛፍ ስለሌለ ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ። ቢጠራኝ ስለማልሰማ ቁጥሩን በጣቱ ያሳየኛል፤ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ሰባት። እኔ ደብተሩ ላይ አሰፍራለሁ። መጀመሪያ የላዩን፣ ከዚያ የመሃሉን፣ በመጨረሻ የታቹን። ወላሂ አንድ ቁጥር አላሳሳትኩም። ሲወጣ ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል፤ እንደዚያም ሆኖ ይስቃል። «አባ፣ እሷ ዶክተር ስትባል እኔ ምን ልባል ነው?» አለኝ። «ዋናተኛ» አልኩት።

የአራት እሁድ ልክ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሾፌሩ አራጋው ከደረቅ ወደብ ጭኖ አዲስ አበባ ሲሄድ እዚያ ፖስታ ቤት አስገባልሃለሁ ብሎኛል፤ ከዚህ ከምልከው ይፈጥናል። ለእኛ አታስቢ፣ አብሽሪ።

አባትሽ በሺር

*

አርባ ምንጭ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመሕሙድን ቀልድ ለዶክተር ኪዳኑ ነገርኩት፣ ብዙ ሳቀ።

ቁጥሩ ጠቅሞኝ እንደሆን ቢጠይቁኝ፣ አባባ፣ ሌላ ወንዝ ነው የሆነው። የሀፊዝን ልክ ሳስገባ ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሰላ ሰነበተ። ሲጨርስ ተርባይኑ ቀድሞ ይሰጥ ከነበረው ኃይል ሲሶው ጎደለ። ክንፎቹም ይንቀጠቀጣሉ፤ የላዩ ክንፍ በፈጣን ውሃ ሲያልፍ የታቹ በቀርፋፋው ስለሚያልፍ ዘንጉን ያጣምሙታል። ኃይሉ መጉደሉ አላስከፋኝም። ከዓመት በኋላ ወንዝ ውስጥ ከሚሰበር ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ቢሰበር ይሻላል። ዶክተር ኪዳኑ «አሁን ውሃ ሆነ» አለኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። እስካሁን የለካችሁት ወንዙ ልኩን ሲይዝ ነው። ውሃው ሲሞላ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ የጥናቴ ገምጋሚዎችም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ያንን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብዙ በዘነበ ማግስት ቢለካልኝ ይበቃኛል። ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ይግባ ማለቴ አይደለም። ሲጎድል ጠብቁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ አላስቸግራችሁም።

ልጅዎ ፈትሂያ

*

ኮምቦልቻ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈትሂያ።

እንደምን ሰነበትሽ? ሳልጽፍ በመቆየቴ አፉ በዪኝ። ወገቤን አሞኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ።

የሀፊዝ ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ ነው የማይሠራው። እሱም ቢስቲማ የወፍጮ ቤት ሥራ አግኝቶ ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ አልተነገረኝም።

የነሐሴን ልክ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የሞላው ውሃም አለበት። ትምህርትሽን በርትተሽ ጨርሺ። ሌላ ነገር አታስቢ።

አባትሽ በሺር

*

አርባ ምንጭ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ወገብዎን ሐኪም አየልዎት? አክስቴ ሰዒዳ በስልክ «ምንም አልሆነም» ብላ ቶሎ ዘጋችብኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ እንግዳ አለብኝ አለችኝ።

አባባ፣ ስለ ልኩ ልጠይቅዎት። ቁጣ አይምሰልብኝ።

ነሐሴ 19 ቀን የላዩ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ሁለት ነጥብ አንድ። የመሃሉና የታቹ ቦታ ባዶ ነው። ሀፊዝ የጀመረውን መስመር ትቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ደግሞ የፈለግኩት የሞላው ውሃ ነው። ለምን አልጨረሰውም?

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት እሁዶች ቁጥራቸው ሁሉ ድፍን ነው። ግማሽ፣ አንድ፣ ግማሽ። ሀፊዝ አንድ ነጥብ ሦስት ሰባት የሚል ሰው ነው። ወንዙ ራሱ የጠበበ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳስገባው ይሄ የመሃል ውሃ አይደለም፣ የዳር ውሃ ነው። አባባ፣ የለኩት እርስዎ ነዎት? ብቻዎን ወንዝ ወርደው? ሰባ ዓመት ሊሞላዎት ነው እኮ። ከእንግዲህ እንዳይወርዱ፤ ያለኝ ይበቃኛል።

ሀፊዝን ደግሞ ተቀይሜዋለሁ። ቢስቲማ ስልክ የሚያውስ ሰው ጠፍቶ ነው? ይደውልልኝ ይበሉት።

ልጅዎ ፈትሂያ

*

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈትሂያ።

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ወገቤ ድኗል። ሰዒዳ እውነቷን ነው፣ ቤቱ እንግዳ አያጣም።

የሁለቱን እሁድ የለካሁት እኔ ነኝ። ከዳር ቆሜ ነው፣ አልገባሁም። ዓይኔ የመቁጠሪያዋን ትንንሽ ቁጥር ስለማያይ ወደ ግማሽ አስጠጋሁት። ማሳሳቴ ከሆነ አፉ በዪኝ። ነሐሴ 19 የጎደለው ዝናብ መጥቶብን ነው።

ሀፊዝ ደህና ነው። አትቀየሚው። ወንድምሽ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመሕሙድ ጋር ተከራክረን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። አንድ ሰው፣ ክብደቱ ስድሳ ኪሎ፣ እኛ በምንለካበት ቦታ እስከ ደረቱ ገብቶ ቆሟል እንበል። ወገቡ ላይ ገመድ አለ። ከዳር ሽማግሌ ሰው ገመዱን ይዟል። ከላይ በመታጠፊያው ደራሽ ይመጣል። ውሃው ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ እስከ አናቱ አልብሶታል፤ ሀፊዝ ቁመቱን ለክቶልሻልና ታውቂዋለሽ። ገብቶ ያለው ሰው ደራሹን አይቶ ይጮሃል። ሽማግሌው ጩኸቱን ሰምቶ ያን ጊዜውኑ ቢስብ ኖሮ ያወጣው ነበር ወይ? ይሄን ኮምፒውተርሽ ያውቃል? የሚያውቅ ከሆነ ደብቀሽ ሳይሆን እንደወጣ ጻፊልኝ።

ለትምህርትሽ የማይጠቅም ከሆነ ተዪው። ግን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

አባትሽ በሺር

*

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። መልሱ የዘገየው ሥራው ዘጠኝ ቀን ስለወሰደብኝ ነው። ሁለቴ መብራት ሄዶ ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር ልንገርዎት። አውቃለሁ፣ አባባ። ከመስከረም 20 ጀምሮ አውቃለሁ። ያቺን ደብዳቤ ከላክሁ በኋላ ባዶው መስመር እንቅልፍ ነሳኝና ብየዳ ቤት ደወልኩ። «መሕሙድ፣ ከሀፊዝ ጋር አገናኘኝ፣ ቢስቲማ ስልክ ካለው» አልኩት። ከኋላው የብየዳው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፣ ድንገት ቆመ። «ፈትሂያ፣ ምን ልበልሽ» አለና ማልቀስ ጀመረ። ሌላ አልጠየቅኩትም። ማወቄን እንዳይነግርዎት አስምዬው ዘጋሁ። ራስዎ እስኪነግሩኝ ልጠብቅ ብዬ ነው። የጥቅምት ደብዳቤዎ ሲመጣ ግን ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ ገባኝ። «ሀፊዝ ደህና ነው» ሲሉ ወላሂ አላሉም፤ እሱም ገባኝ።

አሁን ለጥያቄዎ። ደብቀሽ ሳይሆን እንደወጣ ስላሉኝ እንደወጣ እጽፋለሁ።

ውሃው ጥቁሩን ድንጋይ እስከ አናቱ ካለበሰ በሰከንድ ሦስት ሜትር ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት እስከ ደረቱ የገባን ሰው የሚገፋው ጉልበት ሦስት ኩንታል ያህል ነው። ሽማግሌው ቀርቶ አራት ጎልማሳ ገመዱን ቢይዙት ይጎትታቸው ነበር። ደራሹ ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ እሱ ጋ እስኪደርስ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ከቆመበት እስከ ዳር አሥራ አራት ሜትር አለ፤ ግማሽ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ያውም ከዳር እየተሳበ። መስማት አያድነውም ነበር። ማንም ቢሰማ።

ስሌቴ እስከ ሩብ ሊሳሳት ይችላል፣ ዶክተር ኪዳኑም እንዲህ ነው የሚለው። ሩቡን ቀንሼም ሞከርኩት፤ መልሱ አልተለወጠም። ላጽናናዎት ብዬ የጨመርኩት ቁጥር የለም።

አባባ፣ ዘጠኙን ቀን ውሃው በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እየደጋገመ ሲመጣ አየሁት። መጀመሪያ ሰውን እንደ ምሰሶ አድርጌ ነበር ያስገባሁት። ከዚያ ቁመት መጻፍ ነበረብኝና የሀፊዝን ቁመት ጻፍኩ። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። ዶክተር ኪዳኑ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ እስክነሳ ድረስ ጠበቀኝ።

እርስዎ ያን ጥያቄ የጠየቁት ለራስዎ ነው። መልሱ እርስዎን ነፃ አወጣዎት። እኔን ግን አላወጣኝም። ውሃ ሲሞላ ይለካልኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አልኩ፣ ደብተሬ ላይ ግልባጩ አለኝ። ጥናቱን አላስገባሁትም። አስቀምጬዋለሁ። ይሄን ቁጥር ይዤ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ክንፍ ማውራት አልችልም።

የት ነው ያረፈው? እንዴት ነበር? አሁን ይንገሩኝ።

ፈትሂያ

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈትሂያ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ያጽናሽ ልጄ። ይህችን ቃል ከሦስት ወር በፊት ልልሽ ይገባኝ ነበር። ሰዒዳ «ትምህርቷን ሳትጨርስ መርዶ አናሰማትም» አለች፣ ጎረቤቱም ተስማማ። እኔም ደስ አለኝ፣ መጻፍ ስለፈራሁ። ይሄን ደግሞ ሳትሰሚው አልቀረሽም፤ ለብቻሽ ከሰው አገር ሆነሽ ተሸከምሽው። አፉ በዪኝ።

እንዲህ ነበር። ነሐሴ 19፣ እሁድ ነው። ቅዳሜ ሲያወርደው ውሎ ጠዋት ቆሞ ነበር። ወንዙ ሞልቷል፣ ግን እየጎደለ ነው። ጠብቀን ነው የገባነው። ሀፊዝ ብረቷን ተከለና የላዩን በጣቱ አሳየኝ። ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ አንድ ጣት። ፊቱ ፈክቶ ነበር፣ እንደዚያ ያለ ቁጥር አግኝተን አናውቅማ። ልጽፍ ጎንበስ አልኩ። ደብተሩን በጉልበቴ ደግፌ፣ ገመዱ በግራ እጄ ተጠቅልሎ። ቀና ስል ውሃው ሌላ ውሃ ሆኗል። ከላይ ደሴ በኩል መዝነቡን አላወቅንም። ገመዱ መዳፌን ልጦ ሄደ። ጮኾ እንደሆነ አላውቅም። መጮሁ አይቀርም። እኔ የሰማሁት ነገር የለም።

እንዲህ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሰዒዳም ገመዱ ተበጠሰ ነው ያልኳት።

በሁለተኛው ቀን ከታች አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች አገኙት። ከእናትሽ ጎን ነው ያሳረፍነው። ሰላቱን ለቆመው ሰው ብዛት መስጊዱ አልበቃም፤ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣው ሁሉ መጣ። አራጋው መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ አብሮን አስከሬን ተሸከመ።

ለምን መለካት እንደቀጠልኩ ሳይገርምሽ አልቀረም። ብረቷ ከሀፊዝ ጋር ሄዳ ስለነበር መሕሙድን ሌላ ሥራልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤት ስቀመጥ ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን ያንቀሳቅስብኛል። ወንዙ ዳር ስሆን ግን የጀመረውን እየሠራሁለት ነው የሚመስለኝ። ከእንግዲህ አልወርድም። ስሌትሽን ለመሕሙድ አሳየሁት፤ ሦስት ኩንታል የሚለውን አነበበና አቅፎኝ ቆየ። ያን ሌሊት ነሐሴ ካለፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ። አላህ ይስጥልኝ ልጄ።

አሁን ስለ አንቺ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰን፣ እሱ ሳያየው ነው የሄደው ብዬ ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀደድኩት። አንቺ ለእኔ ያልዋሸሽውን እኔ ለአንቺ አልዋሽም። ነሐሴ 15 ደርሶናል። እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩለት፤ እሱ እየሰማ እህሉን ይበላ ነበር። «አንድ ጊዜ ብቻ ትላለች» አልኩት። «አንድ ጊዜ ምን አላት፣ አምስቴም እለካላታለሁ» አለኝ። እኔም እሁድ እንሂድ አልኩ። አንቺ ጠየቅሽ፣ እኔ እንሂድ አልኩ፣ እሱ ወዶ ገባ። ደራሽ ሲመጣ ይግባ አላልሽም፤ ሲጎድል ጠብቁ ብለሻል፣ ጠብቀናል። ይሄ ነው የሆነው። ከዚህ የሚበልጥ እውነት የለኝም። አልተቀየምኩሽም፤ ወላሂ አንድም ቀን።

ጥናቱን ግን አስገቢው። ያን ቦታ ክረምት ላይ ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍበት ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ብረት ሊተክልበት ይመጣል። የለካው ሀፊዝ በሺር ነው ብለሽ ጻፊ። የእኔን ድፍን ቁጥሮች አውጪያቸው።

ከዚያ ነይ። ረመዳን ሳይገባ ነይ። ማወቅሽን ለሰዒዳ ስነግራት መጀመሪያ ያለችው «ልጅቱ ከማን ጋር አለቀሰች?» ነው። ትናንት የዕድራችን የቀሬው ዳኛ አብዱልወሀብ ቤት ድረስ መጣ። እንድረዳው ብሎ ቀስ እያለ ነው የሚያወራኝ። እንዲህ አለኝ፤ «እኛ ከአንተ ጋር ተቀምጠናል፣ ከእሷ ጋር ግን አልተቀመጥንም። የምትመጣበትን ቀን ብቻ አሳውቀን።» በገባሽበት ቀን ድንኳኑን ከደጃፋችን እንደገና ይተክሉታል። ሰዉ ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን ይቀመጥልሻል፤ ሰዒዳ በአንድ ጎንሽ፣ እኔ በሌላው።

አባትሽ በሺር